የአሸዋን ማሰሪያ ያገኘው መሐንዲስ ሉዊ ቪካ

አውሮፕላን ገና ባልተለመደበት ዘመን ከአገራችን ወደ አውሮፓ የሚሄድ ሰው እስከ ጅቡቲ በባቡር ይወርድና፥ ከዚያ በመርከብ ተሳፍሮ ቀይ ባሕርን ካቋረጠ በኋላ በስዌዝ ቦይ በኩል ወደ ሜዲቴራንያን ባሕር ይወጣ ነበር። ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1924 አውሮፓን ለመጐብኘት ሲሄዱ ያለፉት በዚሁ መንገድ ነው። በ1936ም ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሳሉ፥ በስደት ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዙ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ያለፉት በዚሁ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን።) መርከቡ ቦዩን ጨርሶ ከፖርት ሳይድ ሲወጣ በስተ ግራ በኩል ወደ ባሕሩ ውስጥ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቅ የማዕበል መከላከያ ግድብ ይታያል። በዚህ ግድብ ላይ ከ1899 እስከ 1956 ድረስ ቦዩን ያስቈፈረው የፈርዲናንድ ደ ሌሴፕስ የነሐስ ሐውልት ቆሞ ነበር። የተሳፋሪው ዓይን ሁሉ የሚያርፈው በሐውልቱ ላይ ነው። ከሐውልቱ በታች ማዕበሉን የሚመክተውን ድንጋይ ግን ልብ ብሎ የሚያየው አልነበረም።

ይህ ድንጋይ ደግሞ ከተራራ የተፈለጠ ድንጋይ አልነበረም፤ አሸዋ ነው። ፖርት ሳይድ የተቈረቈረችው በመንዛላ ሐይቅና በባሕሩ መካከል በተዘረጋች ቀጭን የአሸዋ መሬት ላይ ስለ ሆነ፥ በአካባቢዋ ለግንብ የሚሆን አንድም የድንጋይ ካባ አልነበረም። በጥሩ ሁኔታ ድንጋይ የሚገኘው በእስክንድርያ አጠገብ ሲሆን፥ ከዚያ ሁሉንም በመርከብ ማመላለስ እጅግ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆነ። ስለዚህ ሠራተኞቹ የቦታውን አሸዋ ወስደው ከአንድ ዓይነት ኖራ ጋራ እየለወሱ፥ በትልልቅ የእንጨት ሣጥን ውስጥ እየጠቀጠቁ ድንጋይ ሠሩ። የእያንዳንዱ ይዘት 10 ሜትር ኩብ፥ ክብደቱ ከ20 ቶን የበለጠ ነበር። እንዲህ ያለ ድንጋይ ወደ 25,000 ያህል ተሠርቶ ወደ ባሕሩ ተጣለ። ይህንን ሁሉ አሸዋ አንድ ላይ አስሮ የያዘውን ነገር ምሥጢር የገለጠው ሰው ሥራው ሲፈጸም በሕይወት አልነበረም። በግድቡም ላይ ሐውልት አልቆመለትም። እኛም ለዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ የመረጥነው እርሱን ነው።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ስለ አሸዋና ስለ ኖራ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አሸዋ ላይ ቤት የሠራውን ሰው ነገር ከወንጌል ሁላችንም እናውቀዋለን። የአሸዋ ድካም ምን ላይ እንደ ሆነ ግን ብዙ ጊዜ አናስብም። እያንዳንዱ ቅንጣት ለብቻው ሲታይ ጠንካራ ነው፤ አብዛኛው ከብርጭቆ የማያንስ ጥንካሬ አለው። ነገር ግን አንዱን ቅንጣት ከሌላው ጋራ የሚያያይዘው ነገር የለም። የምድረ በዳ አሸዋ ሲሆን ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ነፋስ እያንከባለለ ሲፈጨው ስለሚኖር፥ ቅንጣቱ የደቀቀና የተድቦለቦለ ይሆናል፤ እንደ ወንዝ አሸዋ በጠርዙ እርስ በርሱ አይነካከስም።

ኖራ በአገራችን የታወቀ ነው። የጎንደር ግንቦች እስከ ዛሬ የቆሙት በኖራ ተያይዘው ነው። የኖራ ድንጋይ በምድጃ ሲቃጠል በውስጡ ያለው አየር፥ ማለት ካርቦን ዳይኦክሳይድ፥ ይወጣና ነጭ ኖራ ይቀራል። ውሃ ሲያፈሱበት እየፈላ ይፈራርሳል፤ ከአሸዋ ጋራ ተለውሶ በድንጋዮች መካከል ሲገባ የወጣውን አየር ከነፋስ ቀስ በቀስ መልሶ እየወሰደ ይጠነክራል። እንግዲህ ተራ ኖራ የሚጠነክረው በአየር ነው። ውሃ ውስጥ ካገቡት አየር አያገኝምና ለዘላለም ጭቃ እንደ ሆነ ይቀራል፤ የሚፈስ ውሃ ከሆነም ታጥቦ ይሄዳል። ድልድይና ወደብ የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ ሲያስጨንቃቸው የኖረው ይህ ነገር ነበር።

ሉዊ ቪካ በ1786 መጋቢት 31 ቀን ኔቬር በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። አባቱ የግሮኖብል አገር ሰው ሲሆን፥ ወታደር ስለ ነበረ ልጁ የተወለደው አባቱ በተመደበበት ስፍራ ነው። ያደገው ግን በግሮኖብል ነው። በ1804 በፓሪስ ወደሚገኘው ወደ ኤኮል ፖሊቴክኒክ ገባ። ይህም ናፖሌዎን ንጉሠ ነገሥት የተባለበት ዓመት ነው። ከዚያም በድልድይና በመንገድ ትምህርት ቤት ተምሮ የመንግሥት መሐንዲስ ሆነ። ስለ ልጅነቱ የምንናገረው ከዚህ አይበልጥም፤ ታሪኩ በእውነቱ የሚጀምረው በወንዝ ዳር ነው።

በ1812 ቪካ የ26 ዓመት ጐልማሳ ሳለ በሱያክ ከተማ በዶርዶኝ ወንዝ ላይ ድልድይ እንዲሠራ ታዘዘ። መንገዱ ከፓሪስ ወደ ደቡብ አገር የሚወስድ ዋና መንገድ ነው። የዶርዶኝ ወንዝ በዚያ ስፍራ ፈጣን ነው። ሰባት ቅስት ያለው የድንጋይ ድልድይ ለማቆም ደግሞ የምሰሶዎቹ መሠረት ከውሃው በታች መግባት አለበት። መሠረቱ ከታጠበ ከላይ ያለው ድንጋይ ምንም ያህል ቢያምር ይወድቃል፤ ከድልድዩም ጋራ በላዩ የሚሄደው ሰው ይወድቃል። ወጣቱ መሐንዲስ ይህን ኀላፊነት ተሸክሞ ሳለ በዚያው ዓመት ናፖሌዎን ወደ ሩስያ ዘመተ። ገንዘቡ ሁሉ ወደ ጦርነቱ ስለ ሄደ ለድልድዩ የሚሰጥ ጠፋ፤ ሥራውም ቆመ።

ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ሌላ ሥራ እንዲዛወር ይለምን ነበር ብለን እንገምታለን። ቪካ ግን ሥራው በተቋረጠባቸው ዓመታት ስለ ኖራ መመርመር ጀመረ።

ጥያቄው አዲስ አልነበረም። የጥንት ሮማውያን በፖዙኦሊ አጠገብ የሚገኘውን የእሳተ ገሞራ አመድ ከኖራ ጋራ ሲቀላቅሉት ውሃ ውስጥ እንደሚጠነክር ያውቁ ነበር። በ1756 እንግሊዛዊው ጆን ስሚተን በባሕር መካከል ባለ ዐለት ላይ የመብራት ግንብ ለማቆም ሲዘጋጅ፥ ከአንዳንድ ቦታ የሚመጣ የኖራ ድንጋይ ብቻ ውሃን እንደሚችል፥ ያም ድንጋይ በውስጡ ሸክላ አፈር ያለበት መሆኑን አስተውሎ ነበር። ይሁን እንጂ ግንበኛው የሚጠቀመው ያጋጠመውን ነው። መልካም ድንጋይ በአካባቢው ካለ ሥራው ይጸናል፤ ከሌለ ግን ዕድሉ ነው። የነገሩ ምክንያት ምን እንደ ሆነ በትክክል ያሳየ፥ ተፈጥሮ የነፈገችውንም ቦታ በእጁ ሠርቶ የሚያሟላ ሰው ገና አልተነሣም ነበር።

ቪካ ያደረገው ነገር ሲነገር ቀላል ነው። ከሸክላ የጠራ ኖራ ወሰደ፤ ይኸውም ውሃ ውስጥ ከቶ የማይጠነክረውን። የተመጠነ ሸክላ አፈር ጨመረበትና አቡክቶ እንደ እንክብል አደረገው። እንክብሉ ሲደርቅ እንደ ገና በምድጃ አቃጠለው። ከምድጃ የወጣውን ውሃ አጠጥቶ፥ ከአሸዋ ጋራ ለውሶ ውሃ ውስጥ አኖረው፤ ጠነከረም። እንግዲህ ጥንካሬውን የሰጠው የአገሩ ድንጋይ ዕድል ሳይሆን በእሳት ከኖራው ጋራ የተዋሐደው ሸክላ መሆኑ ተረጋገጠ። ይህንንም በአንድ ሙከራ አልተወውም። ለጠራ ኖራ በመቶ 20 ያህል ሸክላ እንደሚበቃው፥ ለመካከለኛው 15፥ ከተፈጥሮው ጥቂት ሸክላ ላለበት ደግሞ 10 ወይም 6 እንኳ እንደሚበቃው ለየ። ሸክላው በመቶ 33 ወይም 40 ሲደርስ ደግሞ የተቃጠለው ነገር ውሃ ሲያፈሱበት የማይፈራርስ፥ ነገር ግን ፈጭተው ሲለውሱት ወዲያው የሚጠነክር እንደሚሆን ተገነዘበ። ዛሬ ሲሚንቶ ወደምንለው ነገር ያደረሰው በር እዚህ ላይ ነው።

እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ግን መርፌው ነው። አንድ ልውስ ጠነከረ ወይም አልጠነከረም የሚባለው እስከዚያ ዘመን በግንበኛው አውራ ጣት ተጭኖ ነበር፤ አውራ ጣት ደግሞ እንደ ሰውዬው ይለያያል። ቪካ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያላትን ጫፏ ጠፍጣፋ የሆነች መርፌ 300 ግራም በሚያህል ክብደት ጭኖ በልውሱ ላይ አቆማት። መርፌይቱ ከሰጠመች ገና ነው፤ ምልክት ሳትተው ከቆመች ጠንክሯል። በዚህ ዘዴ በሱያክ የተለካውን በፓሪስ ወይም በሌላ አገር ያለ ሰው ደግሞ ሊለካውና ሊያነጻጽረው ቻለ። ይህች መርፌ ዛሬም በሲሚንቶ ፋብሪካዎች ሁሉ በስሙ ትጠራለች።

ነገሩን በዓይናችን ለማየት በትምህርት ቤታችን ላቦራቶር ትንሽ ሙከራ አድርገናል። እንደ ቪካ ሸክላን ከኖራ ጋራ ለማቃጠል የሚበቃ ምድጃ ስለሌለን፥ የሮማውያንን ዘዴ ተከተልን። አንዱን ልውስ ከኖራና ከአሸዋ ብቻ ሠራን። ሁለተኛውን ከኖራና ከአሸዋ ሌላ በደንብ የተወቀጠ የጡብ ዱቄት ጨምረንበት ሠራነው፤ ጡብ የተቃጠለ ሸክላ ነውና። ሁለቱንም በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነን 40 ቀን ካቈየናቸው በኋላ በሁለት ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ከተትናቸው። የመጀመሪያው ሳይመሽ ተበትኖ ከብርጭቆው ሥር ዘቀጠ። ሁለተኛው ግን እንዳለ ቀረ። ከመካከላችን አንዱ የጡቡን ዱቄት ሲወቅጥ ለሁለት ቀን ሲያስል መሰንበቱን ባንጠቅስ ቅር ይለዋል።

ቪካ የምርመራውን ውጤት በ1817 ለሳይንስ አካዳሚ አቀረበ፤ በ1818 በመጽሐፍ አሳተመው። አካዳሚውም ተቀብሎ አጸደቀው። ገንዘብ ተገኝቶ ሥራው በቀጠለ ጊዜ የሱያክን ድልድይ መሠረት ራሱ በሠራው ኖራ አደረገ። በዚያን ጊዜ ከቤተ ሙከራ ውጭ በዚህ ኖራ ይህን የሚያህል ሥራ የሠራ ሰው አልነበረም። ድልድዩ በ1820ዎቹ መጀመሪያ ተፈጸመ፤ ለጋሪ የተሠራው ድልድይ ዛሬ መኪና ይሄድበታል።

አሁን ብዙ ወደ ተከራከርንበት ነገር ደርሰናል። ቪካ ላገኘው ነገር የባለቤትነት ፓተንት ቢያወጣ ኖሮ፥ በፈረንሳይ አገር በውሃ ውስጥ ግንብ የሚሠራ ሁሉ ግብር ይከፍለው ነበር። እርሱ ግን ፓተንት አላወጣም። ምጣኔውን፥ የማቃጠሉን ዘዴ፥ የመለኪያውን መርፌ ሳይቀር በመጽሐፍ ጽፎ ለሁሉ ሰጠ። ከጥቂት ዓመት በኋላ፥ በ1824፥ በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ የሚኖር ጆሴፍ አስፕዲን የሚባል ግንበኛ ከኖራና ከሸክላ ለሚሠራው ልውስ ፖርትላንድ ሲሚንቶ የሚል ስም ሰጥቶ ፓተንት አወጣበት። ዛሬ በዓለም የታወቀው ይኸው ስም ነው።

በክፍላችን እኵሌቶቹ ቪካ ልጆቹን በድሏል አሉ፤ ሰው የድካሙን ዋጋ መውሰዱ ኀጢአት አይደለምና። ሌሎቹ አስፕዲንን በስስት ነቀፉት። እኛ ሁለቱም ፍርድ አልታየንም። አስፕዲን ከክንዱ ሥራ በቀር ሌላ ገቢ የሌለው ግንበኛ ነበር፤ ምሥጢሩን ቢሰጥ የሚበላው ያጣል። ቪካ ግን ደመወዙን ከሕዝብ ግብር የሚቀበል መሐንዲስ ነበር። ስለዚህ መስጠት ይቀለው ነበር ብንል እውነት ነው። ይሁን እንጂ ደመወዝ እየበሉ ያገኙትን ለግላቸው የሚያደርጉ ሰዎች በየአገሩ ስላሉ፥ ቀላል የነበረውን በማድረጉ ብቻ እንኳ ሊመሰገን ይገባዋል።

ከዚህ በኋላ መንግሥት ሌላ ሥራ ሰጠው። በፈረንሳይ አገር ሁሉ እየዞረ ውሃን የሚችል ኖራ የሚወጣበትን ድንጋይ እንዲፈልግ ተላከ። እርሱም ለብዙ ዓመታት ከክፍለ አገር ወደ ክፍለ አገር እየተዘዋወረ ድንጋይ እየሰበረ፥ እያቃጠለ፥ በመርፌው እየወጋ በመቶ የሚቈጠሩ ካባዎችን መዝግቦ አሳወቀ። በመካከሉም በአርዣንታ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ ድልድይ ሠርቷል፤ የዚህ ጽሑፍ ጕዳይ ስላልሆነ እናልፈዋለን። በ1845 የፈረንሳይ ምክር ቤት አገልግሎቱን አስቦ በዓመት 6,000 ፍራንክ የዕድሜ ልክ አበል ፈቀደለት። ልጁ ጆሴፍ ደግሞ በ1853 የሲሚንቶ ፋብሪካ አቋቋመ። ስለዚህ ልጆቹ ተራቡ ብሎ የሚያዝን ቢኖር ይጽናና።

ቪካ በሽምግልናው ያጋጠመው ነገር ብዙ ጊዜ አይነገርም፤ በእኛ አስተያየት ግን የሰውዬውን ጠባይ ከሁሉ የበለጠ የሚገልጠው እርሱ ነው። በወንዝ ውስጥ የጸናው ኖራ በአንዳንድ የባሕር ወደብ ከጥቂት ዓመት በኋላ መቦርቦርና መፈራረስ ጀመረ። ስሙ ገንኖ አበል የተቈረጠለት ሽማግሌ ጥፋቱን በግንበኞች ላይ አላክኮ ዝም ሊል ይችል ነበር። እርሱ ግን ከ60 ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ እንደ ገና ወደ ብርጭቆውና ወደ ሚዛኑ ተመለሰ። የባሕር ውሃ ከገበታ ጨው ሌላ የማግኔዚየም ጨዎች አሉበት፤ እነዚህ ከልውሱ ውስጥ ኖራውን እያወጡ በስፍራው እየገቡ እንደሚያፈርሱት አገኘ። አንድ ኖራ ለባሕር ይሆን እንደ ሆነ አስቀድሞ በማግኔዚየም ሰልፌት ውሃ ውስጥ አኑሮ መፈተን እንደሚቻል አሳየ። ይህንንም በ1857 አሳተመ። በ1861 ሚያዝያ 10 ቀን በግሮኖብል ሞተ፤ ዕድሜውም 75 ዓመት ነበር።

የስዌዝ ቦይ ሥራ የተጀመረው ቪካ ከመሞቱ ሁለት ዓመት አስቀድሞ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቦዩን የቈፈሩት ከየመንደሩ በግዴታ የተወሰዱ የግብፅ ገበሬዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹም በዚያ ሞተዋል። ስለ ቦዩ ሲጻፍ ይህ መዘንጋት የለበትም። የግዴታው ሥራ ከተሻረ በኋላ ግን ማሽን በብዛት ገባ። የፖርት ሳይድን ድንጋዮች የሠራውም በእንፋሎት የሚዞር ማደባለቂያ ነው። ኖራው የመጣው በሮን ወንዝ ዳር ካለው ከለቴይ ካባ ሲሆን፥ የላፋርዥ ኩባንያ በ1864 ባደረገው ውል 110,000 ቶን አቅርቧል። ይህ ኖራ የተመረጠው በአጋጣሚ አልነበረም። በውስጡ ሲሊካ እጅግ የበዛበትና አሉሚና ያነሰበት ስለ ነበረ የባሕሩን ጨው ከሌሎች ይልቅ የሚችል ነው። ድንጋዮቹ ከተሠሩ በኋላ ለወራት በአሸዋው ላይ ተደርድረው እንዲጠነክሩ ከተተዉ በኋላ ወደ ባሕሩ ይወርዱ ነበር። በከተማይቱም ውስጥ በ1869 በፍራንስዋ ኮኜ ኩባንያ ከኮንክሪት የተሠራ 56 ሜትር ከፍታ ያለው የመብራት ግንብ ቆመ፤ ዛሬም አለ።

ከዚያ ወዲህ ዕውቀቱ ገፍቷል። በእሳት የተዋሐዱት ኖራና ሲሊካ ከውሃ ጋራ ሲገናኙ ምን ዓይነት ጥቃቅን ብርቱ ነገር እንደሚፈጥሩ ሄንሪ ለ ሻትሊዬ በ1887 አስረዳ። በ1920ዎቹ በጀርመን አገር ሶዲየም ሲሊኬትንና ካልሲየም ክሎራይድን በቧንቧ ወደ ምድር ውስጥ በማስገባት ልል አሸዋን በቦታው እንዳለ ወደ ድንጋይነት የሚለውጥ ዘዴ ተጀመረ። በምድረ በዳ መንገድና የአውሮፕላን ማረፊያ የሚሠሩ መሐንዲሶች ዛሬ አሸዋውን በሲሚንቶ፥ በሬንጅ ወይም በልዩ ልዩ ኬሚካሎች ያጠነክራሉ፤ ሲሚንቶ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከአሸዋው ክብደት በመቶ ከ5 እስከ 10 ይበቃል። ኖራን ብቻውን በንጹሕ የምድረ በዳ አሸዋ ላይ ቢያፈሱት ግን እምብዛም አይረዳም። አሸዋው ሸክላ የለበትምና ኖራው የሚዋሐደው ጓደኛ ያጣል። ይህም ቪካ በሱያክ ያገኘው ሕግ ነው። አሸዋው ጨውና ጂፕስ ያለበት ሲሆን ደግሞ በእርጅናው የመረመረው ጠላት ተመልሶ ይመጣል፤ በባሕር ዳርቻ ባሉ በረሃዎች መሐንዲሶች አስቀድመው የአሸዋውን ሰልፌት የሚለኩት ስለዚህ ነው።

በፓሪስ በ1889 የተሠራው የኤፌል ግንብ በመጀመሪያው ፎቅ ዙሪያ የ72 የፈረንሳይ ሊቃውንትና መሐንዲሶች ስም ተጽፎበታል፤ የቪካም ስም ከእነርሱ አንዱ ነው። ግንቡ የብረት ሥራ ቢሆንም እግሮቹ በምድር ውስጥ የተተከሉት በኮንክሪትና በድንጋይ መሠረት ላይ ነው።

የጡብ ዱቄት ያለበት ልውሳችን ከነውሃው በላቦራቶሩ መስኮት ላይ ተቀምጧል። አንድ የልብስ መስፊያ መርፌ በቡሽ ላይ ተክለን 300 ግራም ጭነን ሞክረነዋል፤ መርፌው ጐበጠ እንጂ አልገባም። በሚመጣው ዓመት በዚያ ክፍል የሚማሩት ወንድሞቻችን ሁለተኛ ልውስ ሠርተው በጨው ውሃ ውስጥ እንዲያኖሩት ለመምህራችን ነግረን ምጣኔውን በደብተር ላይ ጽፈን ትተንላቸዋል።